የምክር ቤት አባል ስለ ጤናና ስለ ሕዝብ አገልግሎት ሚኒስትርን ሲጠይቅ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «የመድኃኒት እጥረት ሕዝቡን እያማረረ ስለሆነ ክቡር ሚኒስትር ማብራሪያ ይስጡበት» ሲል፣ ሚኒስትሩ የሚሰጡትን መልስ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። ችግሩ መኖሩን ያምናሉ፣ ምክንያቱን ከዓለም ገበያ ጋር ያያይዙታል፣ በበጀት ዓመቱ የተሠራጨውን መድኃኒት በገንዘብ ተምነው ይጠቅሳሉ፣ «ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። ጠያቂው ጠይቋል፣ ሚኒስትሩም መልሰዋል፤ መድኃኒቱ ግን አሁንም የለም። ጥፋቱን ሁሉ በሚኒስትሩ ላይ መጣል አይገባም፤ ጥያቄው ራሱ እንዲህ ያለ መልስ የሚጋብዝ ሆኖ ተዘጋጅቷልና።

ውኃ የሚቋጥር ጥያቄ የሚለየው በድምፅ ከፍታ ወይም በቃላት ምሬት አይደለም። የሚለየው፣ የተሰጠው መልስ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው በመቻሉ ነው። ቀጥሎ የቀረበው አሠራር በሙሉ ለዚህ ዓላማ የሚውል ነው።

የትኛውን መንገድ መምረጥ

ስለ መጠየቅ ሥልጣን ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል፤ በሌሎች አገሮች ፓርላማዎችም ተመሳሳይ ድንጋጌ ወይም ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ልዩነቱ ያለው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ የተመረጠ እንደራሴ የንግግር ችሎታውን ከማሳመሩ በፊት የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይኖርበታል። ጥያቄ ስንት ቀን ቀድሞ መግባት አለበት? ከቀረቡት መካከል የትኛው እንደሚነሣ የሚወስነው ማን ነው? ተከታይ ጥያቄ ይፈቀዳል ወይ? የጽሑፍ መልስ በስንት ቀን ውስጥ መምጣት ይኖርበታል? ይህን የማያውቅ አባል ጥሩ ጥያቄ እንደያዘ ዓመቱ ሊያልቅበት ይችላል።

የሕንድ የታችኛው ምክር ቤት ሎክ ሳባ ያለው አሠራር ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። እዚያ በኮከብ ምልክት የተለየ ጥያቄ በቃል ይመለሳል፣ ተከታይ ጥያቄም ይነሣበታል፤ ኮከብ የሌለው የጽሑፍ መልስ ብቻ ያገኛል። ሁለቱም በመደበኛው አሠራር ቢያንስ 15 ሙሉ ቀናት ቀድመው መቅረብ አለባቸው። በየትኛውም ምክር ቤት ቢሆን ሁለቱን ዓይነቶች በየቦታቸው መጠቀም ያስፈልጋል፤ ቁጥር በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ምክንያትና ቀነ ገደብ በቃል። ሚኒስትሩ ያልተዘጋጁበትን ቁጥር በመድረክ ላይ ሲጠየቁ ወይ በግምት ይመልሳሉ፣ ወይ «በጽሑፍ እንልካለን» ይላሉ፤ ሁለቱም ለጠያቂው አይበጁትም። ቁጥሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ወረቀት ይዞ በመድረኩ ላይ «ይህ ለምን ሆነ? መቼስ ይስተካከላል?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ግን ዳር ዳር ለማለት ቦታ አይሰጥም።

ጥያቄው የሚመለከተውን ሰው ማወቅም የዚሁ አካል ነው። ሥልጣን በማዕከላዊ መንግሥትና በአካባቢ መስተዳድሮች መካከል በተከፋፈለበት አገር «ጤና ጣቢያው የሚተዳደረው በአካባቢው አስተዳደር ነው» የሚለው መልስ ትክክል ስለሚሆን ክርክር አያዋጣም። ከዚያ ይልቅ በሚኒስትሩ እጅ ያለውን ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ ማዕከላዊ ግዥ፣ ለአካባቢዎች የሚተላለፍ ገንዘብ፣ የአገልግሎት ደረጃ መስፈርት፣ ቁጥጥር።

ማስረጃው የሚገኘው የት ነው

ጥሩ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚወለደው በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። በመደርደሪያው ላይ፣ በእያንዳንዱ የመድኃኒት ዓይነት አጠገብ፣ ቢን ካርድ የሚባል የክምችት መመዝገቢያ ይቀመጣል፤ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ የሚሉ ዓምዶች አሉት። እንደራሴው ለምሳሌ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ለመከላከል የሚሰጠውን የኦክሲቶሲን ካርድ አንሥቶ፣ «ቀሪ» በሚለው ዓምድ ላይ ዜሮ የተጻፈበትን መሥመር ይፈልግ፤ ከዚያም መድኃኒቱ ዳግመኛ እስከገባበት ቀን ድረስ ያሉትን ቀናት ይቁጠር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የወለዱት እናቶች ብዛት በማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ «እጥረት አለ» የሚለው አጠቃላይ እሮሮ ቀንና ቁጥር ያለው ጉዳይ ይሆናል።

ሌላው መታየት ያለበት የክትባት ማቀዝቀዣው የሙቀት መዝገብ ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መቀመጥ ስላለባቸው፣ ሠራተኛው ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይቶ ይመዘግባል። የወሩ ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶ «4፣ 4፣ 4» ተብሎ ከተሞላ፣ በተለይም በዚያው ወር መብራት ደጋግሞ የተቋረጠ ከሆነ፣ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ሙቀቱ ሳይሆን ስለ ቁጥጥሩ ነው። ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ ሠራተኛውን የሚያሳጣ መሆን የለበትም፤ ተቆጣጣሪው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ እንደሆነና ያገኘውን ለማን ሪፖርት እንዳደረገ የሚጠይቅ እንጂ።

ጉብኝቱ አጀብና ካሜራ ሲበዛበት የሚታየው የተወለወለ ወለል ብቻ ነው። ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ጥቂት ሰው ይዞ መሄድ፣ በታካሚዎች መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየት ብሎ መቀመጥ፣ የካርድ ክፍሉንና የላቦራቶሪውን ሰልፍ መመልከት ብዙ ያስተምራል። መረጃ የሰጡ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ግን በኋላ ዋጋ እንዳይከፍሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምንጩ ከአንድ ተቋም ብቻ ከሆነ ጠያቂው የተቋሙን ስም ከማንሣቱ በፊት ተመሳሳይ ሁኔታ በሌሎችም ተቋማት መኖሩን ያጣራ። የታካሚን ጉዳይ በሚመለከትም፣ የምክር ቤት ንግግር በሕግ የተጠበቀ መሆኑ የሰውን የሕክምና ምስጢር ለመዘርዘር ፈቃድ አይሆንም። የታካሚው ወይም የቤተሰቡ ስምምነት ቢኖር እንኳ ስም ሳይጠሩ ጉዳዩን ማስረዳት በአብዛኛው ይበቃል።

ከመስክ ሲመለሱ ሰነድ ይጠብቃል። የዋና ኦዲተር ሪፖርት፣ የቋሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ሚኒስትሩ ባለፈው ዓመት ያቀረቡት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት፣ የበጀት አዋጁና አባሪዎቹ መነበብ አለባቸው። በበጀት ላይ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፦ የተመደበው፣ የተለቀቀውና ሥራ ላይ የዋለው። ሪፖርት የሚያሳምረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ሕዝቡ የሚያገኘው ሦስተኛውን ነው። ካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት ደግሞ አብረው መታየት አለባቸው። ሕንፃ የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው፤ አዋላጇ ደመወዝ የምታገኘው፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚሞላው በመደበኛው ነው። አዲስ ሆስፒታል በተመረቀበት ዓመት የመደበኛው በጀት ምንም ካልጨመረ፣ ከሪባን ቆረጣው ማግስት ጀምሮ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ጥያቄውን መጻፍ

ከላይ የተጠቀሰው የመድኃኒት ጥያቄ እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በያዝነው የበጀት ዓመት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ፣ የወሊድ አገልግሎት ከሚሰጡ የመንግሥት ጤና ተቋማት መካከል ኦክሲቶሲን ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያልነበራቸው ስንቶቹ ናቸው? የእጥረቱ ምክንያት ግዥው ነው፣ ሥርጭቱ ነው ወይስ ማቀዝቀዣው? ሚኒስቴሩ ይህን ቁጥር በግማሽ ለመቀነስ የያዘው ቀነ ገደብ መቼ ነው?» በዚህ ውስጥ «አሳሳቢ» የሚል ቃል እንኳ የለም፤ አያስፈልግምም። የመድኃኒቱ ስም አለ፣ ጊዜው ተወስኗል፣ ምን እንደ እጥረት እንደሚቆጠር ተነግሯል፣ ምክንያቶቹም ተለይተው ቀርበዋል። የመጀመሪያውን ክፍል አስቀድሞ በጽሑፍ መላክ፣ ሁለቱን ለመድረክ ማስቀረት ይቻላል። ከሦስት በላይ ክፍል ያለው ጥያቄ ግን ለመላሹ ስጦታ ነው፤ ከመካከላቸው ቀላሉን መርጠው ረዘም አድርገው ይመልሱታል፣ ሰዓቱም ያልቃል።

ቁጥር በሚጠየቅበት ጊዜ ቁጥሩ የሚደብቀውን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል። «ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ መድኃኒት ተሠራጨ» የሚለው ሐረግ ዋጋ በጨመረበት ዓመት ምንም ዓይነት ተጨማሪ መድኃኒት ሳይገዛ ሊያድግ ይችላል፤ ስለዚህ መጠኑ በእንክብል፣ በጠርሙስ፣ በመርፌ ብልቃጥ ይጠየቅ። «የጤና ሽፋን» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ መኖሩ ሽፋን ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ በሩ ክፍት መሆኑን፣ ባለሙያና ላቦራቶሪ መኖሩን ግን አይናገርም። በውኃም ላይ የተሠሩ የውኃ ተቋማት ብዛትና አሁን ውኃ የሚሰጡት ብዛት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

የእናቶች ሞት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ስለሚነሣ ለብቻው መታየት ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያውን የሚያሰላው በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሆን፣ የሚቆጠረው በእርግዝና ወቅት ወይም እርግዝናው በተቋረጠ ወይም በወሊድ ካበቃ በኋላ በ42 ቀናት ውስጥ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት የደረሰ ሞት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች መሠረት የዓለም አማካይ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ70 በታች መውረድ አለበት። ሚኒስትሩ «በጤና ተቋማት የሚደርሰው የእናቶች ሞት ቀንሷል» ካሉ፣ ተከታዩ ጥያቄ ወደ ተቋም ሳይደርሱ ስለሞቱት መሆን አለበት፤ በመንገድ ላይ አምቡላንስ ስትጠብቅ ያረፈች እናት በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ላትገኝ ትችላለችና። አማካይም ያታልላል። በከተማ ያለው መሻሻል በገጠር ያለውን መባባስ ሊሸፍነው ስለሚችል ቁጥሩ በአካባቢ፣ ቢቻልም በገቢ ደረጃ ተከፋፍሎ እንዲቀርብ መጠየቅ ይገባል።

ከኪስ ስለሚወጣ ክፍያ የሚነሡ ጥያቄዎች በየምክር ቤቱ ጥቂት ናቸው፤ ይህ ለእኔ እስካሁን የሚገርመኝ ነገር ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው መለኪያ አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ካወጣ አቅሙን የሚያናጋ ወጪ እንደደረሰበት ይቆጠር ነበር። መንግሥት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ብዛት በምን ጥናት፣ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ እንደሚለካ መጠየቅ በራሱ ጥሩ ጥያቄ ነው።

በመድረኩ ላይ

መግቢያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ለሚኒስትሩ ምስጋና፣ ለመራጩ ሕዝብ ሰላምታ፣ ለችግሩ ታሪክ የሚውለው ደቂቃ ሁሉ ከጥያቄው ይቀነሳል።

መልሱ ሲሰጥ ሌላ ወረቀት ማገላበጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ተከታዩ ጥያቄ የሚገኘው ከመልሱ ውስጥ ነውና። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ማምለጫዎች የታወቁ ናቸው። ሚኒስትሩ የተሠራውን ሁሉ መዘርዘር ከጀመሩ፣ «ለተገለጸው ሥራ አመሰግናለሁ፤ የጠየቅሁት ግን መድኃኒቱ ያልነበራቸው ተቋማት ስንት እንደሆኑ ነው፤ ቁጥሩ አለ ወይስ የለም?» ማለት ይበቃል። «የለም» የሚለው መልስ ራሱ በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር ትልቅ ግኝት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የማይለካውን ነገር አሻሽያለሁ ሊል አይችልምና። «ወደፊት ይታያል» ካሉ፣ በማን እጅና እስከ መቼ የሚለው ይጠየቅ። «የሌላ አካል ኃላፊነት ነው» ካሉ ደግሞ፣ ለዚያ አካል የጻፉት ደብዳቤ ካለ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ መጠየቅ ይቻላል። ሁሉም በተረጋጋ ድምፅ ይባል። ቁጣ ሲገባበት የማግስቱ ዜና ስለ እሰጥ አገባው እንጂ ስለ ኦክሲቶሲኑ አይሆንም፣ አፈ ጉባኤውም ጣልቃ ለመግባት ምክንያት ያገኛሉ።

ከመልሱ በኋላ

ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሚኒስትሩ ቃል የገቡበት ዓረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤው ላይ እንደተባለው መስፈሩን ማረጋገጥ፣ በዚያው ሳምንት ዓረፍተ ነገሩን ጠቅሶ ደብዳቤ መጻፍ፣ ግልባጩን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መላክ ያስፈልጋል። በሎክ ሳባ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚኒስትሮች በምክር ቤቱ የገቡትን ቃል ብቻ የሚከታተል ኮሚቴ አለ፤ ቃሉ በሦስት ወር ውስጥ እንዲፈጸም ይጠበቃል፣ ካልተፈጸመም ሚኒስቴሩ ምክንያቱን አስረድቶ የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ አለበት። እንዲህ ያለ ኮሚቴ በሌለበት ምክር ቤት እንደራሴው የራሱን ሠንጠረዥ ይያዝ፦ ቃሉ፣ የተገባበት ቀን፣ ቀነ ገደቡ፣ የተገኘው ማስረጃ።

ቀነ ገደቡ ሲደርስ ወደ ሚኒስትሩ ከመመለስ በፊት ወደዚያው መጋዘን መመለስ ይቀድማል። ካርዱ ተሻሽሎ ከተገኘ በምክር ቤቱ ተነሥቶ ይህንኑ መናገር ተገቢ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ አባል በሚቀጥለው ጊዜ ሲተችም ይደመጣል። ዜሮው አሁንም ካለ፣ ያው ጥያቄ ቃሉ ሳይለወጥ፣ የቀድሞው መልስ ከነቀኑ ተያይዞለት፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመጽደቁ ቀደም ብሎ ይቅረብ። ሚኒስቴሩ ምክር ቤቱን ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቀው በዚያ ሰሞን ስለሆነ፣ በሌላ ወር ያልተገኘ ቁጥር ያን ጊዜ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።