ሰው ጣሪያ ላይ ከመላክ በፊት፦ ለአዳማ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የጥገና ኃላፊዎች

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከከፍታ መውደቅ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ ፎቅ የሚሠራውን ተቋራጭ ነው። የሚዘነጋው ግን “አሥር ደቂቃ አይፈጅም” ተብሎ የሚጀመረው ሥራ ነው፦ የዶርም አሸንዳ መጥረግ፣ የሚያፈስ ሮቶ መጠገን፣ የአዳራሽ አምፖል መቀየር።

ሥራውን ከቁልፍ ጀምሩ። ወደ ጣሪያ የሚያወጣ በር ሁሉ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በአንድ ተጠያቂ ሰው እጅ ይሁን። ቁልፍ የሚሰጠው ወረቀት ተሞልቶ ሲፈረም ብቻ ነው፦ ማን ይወጣል፣ የትኛው ሕንፃ ላይ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ገመዱ የት ይታሰራል፣ ሰውየው ወድቆ በገመዱ ቢንጠለጠል ማን በምን ያወርደዋል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው ቁልፉ አይሰጥ። ከዚያ በፊት ግን መውጣቱ ራሱ የግድ መሆኑን ጠይቁ። አምፖል በረጅም ዘንግ መቀየር ይቻላል፤ ብዙ ነገርም መሬት ላይ ተገጣጥሞ ሊወጣ ይችላል።

አዳማ ላይ ነፋሱን ንቆ መሥራት አይቻልም። መለኪያ ባይኖራችሁም ዓይን ይበቃል። አቧራና ወረቀት ከመሬት መነሳት ሲጀምር ነፋሱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ያኔ ቆርቆሮ ወደ ላይ ማውጣት ይቁም። ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ከጀመሩ 29 አልፏል፤ ሁሉም ይውረድ። በክረምት ዝናብ ካባራ በኋላም ቆርቆሮው እስኪደርቅ ጠብቁ።

ቆርቆሮ ላይ የሚረገጠው ምስማሩ በተሰለፈበት መስመር ነው፤ ሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ብርሃን እንዲያስገባ በየመሃሉ የሚገባውን የፕላስቲክ ቆርቆሮ ማንም አይርገጥ። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አቧራ ደግሞ ከሌላው ጋር ያመሳስለዋል፤ ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር በቀለም ይከበብ ወይም ጠንካራ ጣውላ ይሸፈንበት።

አሁን ብዙ ስህተት ወደሚሠራበት ወደ ቀበቶው እንምጣ። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ለውድቀት አይሆንም፤ ሲይዝ የሆድ ዕቃንና አከርካሪን ይጎዳል። የሚያስፈልገው ትከሻንም ጭንንም የሚይዘው ነው፤ ገመዱም የሚገባው ጀርባ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ነው። ቀበቶ አለ ማለት ግን ሰውየው ድኗል ማለት አይደለም። ሂሳቡን እንሥራው፦ ገመዱ 2 ሜትር፣ ሾክ አብዞርበሩ (ውድቀቱን ለማለዘብ እየተተረተረ የሚረዝመው የገመዱ ክፍል) ሲተረተር እስከ 1.75 ሜትር፣ ከጀርባው ቀለበት እስከ እግሩ 1.5 ሜትር፣ መጠባበቂያ 1 ሜትር። ከታሰረበት ነጥብ በታች 6.25 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ባለ አንድ ወለል የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ጠርዝ 4 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውየው ቀበቶውን እንደለበሰ መሬት ይመታል።

ለእንዲህ ያለ ጣሪያ መፍትሔው ጭራሽ ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ ገመዱን ማሳጠር ነው። ከማሰሪያው እስከ ቅርቡ ጠርዝ 5 ሜትር ከሆነ፣ ገመዱ በ4 ሜትር ላይ ያስቁመው። በጎን በኩል ያለውን ጠርዝም መለካት አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ማሰሪያው ራሱስ? የአውሮፓ ደረጃ ለአንድ ሰው 12 ኪሎኒውተን፣ የአሜሪካው ደግሞ 22 ገደማ ይጠይቃል። ዝቅተኛው እንኳ 1,200 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። አሸንዳ፣ የሮቶ ቧንቧ፣ የዲሽ መቆሚያ ይህን አይችሉም። የአርማታ ምሰሶ ወይም ኢንጂነር ያጸደቀው የብረት ማሰሪያ ፈልጉ፤ የሚቻል ከሆነም ከሰውየው ራስ በላይ ይሁን።

መሰላል ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ይለፍ፤ ከላይም ይታሰር። በምስማር የተመታ የባሕር ዛፍ መሰላል እንጨቱ ሲደርቅ ምስማሩ ይላላል፤ ከግቢው ቢወጣ ይሻላል። የአሉሚኒየም መሰላል ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

የቀለም ሥራ መወጣጫ ሲቆም መርገጫው ከ45 ሳንቲ ሜትር አይጥበብ፤ መደገፊያው 1.1 ሜትር ቁመት ይኑረው፤ መሃሉ ላይም አንድ አግዳሚ ይጨመር። ሕንፃው ላይ ሳይታሰር የቆመ ከሆነ ቁመቱ የመሠረቱን ጠባብ ጎን አራት እጥፍ አይለፍ።

ተቋራጭ ያመጣቸው የቀን ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሸፈናሉ፤ አሠሪው መከላከያ ዕቃ ማቅረብና ማሠልጠን ግዴታው ነው። ይህን ውሉ ውስጥ ጻፉት፤ ያለ ቀበቶ የወጣን ሠራተኛ ግቢው የማስወረድ ሥልጣን እንዳለውም ጨምሩበት።

ሰው ከተንጠለጠለ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ የጭን ማሰሪያው ደሙን ስለሚያግድ ራሱን ሊስት ይችላል። ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ፤ እስኪደርስ ግን ወረቀቱ ላይ የተሰየመው ሰው በተዘጋጀው መሰላል ያውርደው። መሬት ላይ የወደቀን ሰው ግን አንገቱንና ወገቡን ሳታንቀሳቅሱ ጠብቁ። ውድቀት ያረፈበት ቀበቶና ገመድ ምንም ያልሆነ ቢመስልም በመቀስ ተቆርጦ ይጣል፤ ሳይቆረጥ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተመለሰ በማግስቱ ሌላ ሰው ይለብሰዋል።