ምሳሌን ሳያፈርሱ ማስተማር፦ በወይኑ አትክልት ሠራተኞች ላይ የተዘጋጀ የ50 ደቂቃ ትምህርት

በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን የጌታን ምሳሌ የሚያስተምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና አፉን ሲከፍት ነው። «የዛሬው ምሳሌ እግዚአብሔር ቸር መሆኑን ያስተምረናል» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የሚነበበው ሁሉ አስቀድሞ ለተነገረ መልስ ማስረጃ ይሆናል፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይቀመጣል። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ ሲገባ ንጉሡ ሚስቱን ወስዶ ያስገደለውን የኦርዮንን ስም አላነሣም፤ የአንድ ድኻ ሰው አንዲት በግ እንዴት እንደተወሰደች ነገረው። ንጉሡ ተቆጥቶ ሰውዬው ሞት እንደሚገባው ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)። የምሳሌ አስተማሪ ትልቁ ሥራ ፍርዱ ከሰሚው ከራሱ አፍ እስኪወጣ መታገሥ ነው። ሌላው ዝግጅት ሁሉ ለዚህ የሚደረግ ነው።

የሚከተለው አካሄድ ማቴዎስ 20፥1-16ን ይዞ ከ10 እስከ 20 ለሚደርሱ አዋቂዎች የተዘጋጀ ነው። በምሳሌው አንድ የወይን አትክልት ባለቤት ከማለዳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በአምስት ጊዜ ሠራተኞች ይቀጥራል፤ ማታ ግን ለሁሉም እኩል ይከፍላል። የልጆቹን ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

ከትምህርቱ በፊት

ንባብዎን ከምዕራፍ 20 አይጀምሩ። የምዕራፍ ቁጥሮች የገቡት በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ አንዱን ንግግር ለሁለት ቆርጠውታል። ከ19፥16 ይነሡ። ባለጠጋው ወጣት አዝኖ ከሄደ በኋላ ጴጥሮስ «እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ፤ ታዲያ ምን እናገኛለን?» ብሎ ይጠይቃል (19፥27)። ምሳሌው የተነገረው ለዚህ ጥያቄ ነው። ፊተኞች ኋለኞች እንደሚሆኑ የሚናገረው ቃል በ19፥30 እና በ20፥16 መመለሱም ምሳሌውን ከፊትና ከኋላ አጥሮ ይዞታል። ይህን ግን ለራስዎ ይያዙት፤ ለተማሪዎቹ የሚነገርበት ጊዜ አለው።

ቀጥሎ ከንባቡ ውስጥ አራት ነገር ለይተው ያውጡ። አንደኛ፣ ዋጋው በቁጥር የተቆረጠላቸው ማልደው የተቀጠሩት ብቻ ናቸው፤ አንድ ዲናር። በሦስት ሰዓት ለተቀጠሩት የተባለው «የሚገባውን እሰጣችኋለሁ» ነው፤ የስድስትና የዘጠኝ ሰዓቶቹም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ የተለመደ የቀን ክፍያ ነበር። በብር ለመመንዘር አይድከሙ፤ «እዚህ ከተማ የቀን ሠራተኛ ዛሬ ስንት ይከፈለዋል?» ብለው ይጠይቁና የሚሉዎትን ቁጥር ይዘው ይቀጥሉ። ሦስተኛ፣ ክፍያው ማታ የሆነው ሕጉ የድኻን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ መክፈልን ስለሚያዝ ነው (ዘዳ. 24፥15)። አራተኛው ዋናው ነው፦ ባለቤቱ አዛዡን ከኋለኞቹ ጀምሮ እንዲከፍል ያዘዋል። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ የማለዳዎቹ ዲናራቸውን ተቀብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። ቅሬታው የመጣው አይተው ስለቆዩ ነው።

የሰዓት አቆጣጠሩ ለእኛ አይከብድም፤ ቀኑ ከንጋት የሚቆጠርና አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ «አሥራ አንድ ሰዓት» ሲባል ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት እንደቀረ ወዲያው ይገባናል። ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች ግን አሥራ አንድ ሲባል የሚታያቸው ከምሳ በፊት ያለው ሰዓት ነው። አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ደግሞ በእነርሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አምስት ብለው ጽፈውታል። ቡድኑ ድብልቅ ከሆነ አንድ ጊዜ «ልትመሽ አንድ ሰዓት ሲቀራት» ብለው ይለፉት።

የትምህርቱ አካሄድ

መጽሐፍ ቅዱሶች ይዘጉ፤ ስልኮችም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገጹ ከተከፈተ ግማሹ ሰው እርስዎ ሳይደርሱ ቁጥር 15 ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ለትረካው ይስጡ። ጠቅላላ ንባቡ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ የተረፈው ጊዜ ገበያውን ለማሳየት ነው። በማለዳ አደባባይ ላይ ቆመው ቀጣሪ የሚጠብቁ ሰዎችን አድማጭዎ ያውቃቸዋል። ጎረምሳውና ጉልበተኛው ቀድሞ ይወሰዳል፤ እስከ ማታ የሚቀረው ማን እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ። «ማንም አልቀጠረንም» የሚለው መልስ (ቁ. 7) ያን ጊዜ የሰነፍ ሰበብ መምሰሉ ይቀራል። ንባቡ የማይለውን ግን አይጨምሩ። የአዝመራ ጊዜ ስለነበር፣ ዝናብ ስለመጣ፣ የመጨረሻዎቹ በፍጥነት ስለሠሩ እየተባለ ብዙ ይፈጠራል። የመጨረሻው በተለይ መርዝ ነው፤ እኩል የሠሩ ካደረጓቸው እኩል መከፈላቸው ተራ ሒሳብ ይሆንና ምሳሌው እዚያው ያልቃል።

ቁጥር 12 መጨረሻ ላይ ያቁሙ። የማለዳዎቹ «እነዚህ አንድ ሰዓት ብቻ ሠሩ፤ የቀኑን ድካምና ትኩሳት ከተሸከምነው ከእኛ ጋር እኩል አደረግሃቸው» ብለዋል። ባለቤቱ ገና አልመለሰም። «ቅሬታቸው ትክክል ነው የምትሉ እጅ አውጡ» ይበሉ፤ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ማንም እጅ ካላወጣ ሰዎቹ «የቤተ ክርስቲያን መልስ» እየሰጡ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄውን ይለውጡት፦ «አንተ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብሎኬት ተሸክመህ ውለህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጣው እኩል ቢከፈለው ለፎርማኑ ምን ትለዋለህ?» አሁን እጆቹ ይወጣሉ።

ቀጥሎ 15 ደቂቃ ክርክር። እዚህ ላይ የእርስዎ ድርሻ ዝም ማለት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ወደ አንዱ ወገን አያዘንብሉ፤ ባለቤቱን ለመከላከል አይቸኩሉ። ክርክሩ ከቀዘቀዘ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጣሉ፦ «የማለዳዎቹ ከተስማሙበት ስንት ጎደለባቸው?» ምንም አልጎደለባቸውም፤ ሆኖም ቁጣው አይበርድም። ቁጣው ከየት እንደመጣ መፈለግ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ከ13 እስከ 15 ያለውን ያንብቡ፣ በእርጋታ። ባለቤቱ «ወዳጄ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ውሉን ያስታውሰዋል፤ በገንዘቡ የወደደውን የማድረግ መብቱን ይጠይቃል፤ የሚጨርሰውም የእርሱ ቸርነት የሠራተኛውን ዓይን ምቀኛ አድርጎት እንደሆነ በመጠየቅ ነው። ጥያቄውን እርስዎ አይመልሱት፤ ሠራተኛውም ሲመልስ አንሰማም። አንድ ደቂቃ ያህል ጸጥታ ይስጡ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ይከፈቱና 19፥27 ይነበብ። የማለዳ ሠራተኛው ደቀ መዝሙሩ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አብዛኞቹ ሳይነገራቸው ያዩታል። ቀሪዎቹ 15 ደቂቃዎች ለጥያቄና ለጸሎት ይሁኑ። «አንተ የስንት ሰዓት ተቀጣሪ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሰው እየጠሩ አይጠይቁ፤ ጥያቄው ለልብ ነው፣ በሰው ፊት ሲጠየቅ ወይ ውሸት ወይ እፍረት ያመጣል።

ትርጓሜው የት ይግባ?

በአንድምታ፣ ማለትም አንዱን ቃል በብዙ መንገድ በሚፈታው የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ፣ ያደገ መምህር እያንዳንዱን ነገር «አንድም» እያለ ማመሥጠር ይፈልጋል፤ ሀብቱም ብዙ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ አምስቱን የቅጥር ሰዓቶች ከአዳም እስከ ኖኅ፣ ከኖኅ እስከ አብርሃም፣ ከአብርሃም እስከ ሙሴ፣ ከሙሴ እስከ ክርስቶስ መምጣት፣ ከዚያም እስከ ዓለም ፍጻሜ ባለው ዘመን ተርጉሟቸዋል፤ በሰው ዕድሜም ከሕፃንነት እስከ እርጅና። ይህን ያስተምሩ፣ ነገር ግን ከክርክሩ በኋላ፣ ቢቻል በሚቀጥለው ሳምንት። ቀድሞ ከገባ ተማሪው ሰዓት ከዘመን ሲያዛምድ የቁጣውን ጉዳይ ይረሳዋል።

ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች

ክርክሩ በሥራ ይተካ። አምስት ልጆች፣ የሚደረደሩ ወንበሮች ወይም መጻሕፍት፣ ቢያንስ 20 ከረሜላ ያለበት ውስጡ የሚታይ ላስቲክ እና ሰዓት ያዘጋጁ። ሥራው 12 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ደቂቃ አንድ ሰዓት። የመጀመሪያውን ልጅ በሁሉ ፊት «አንድ ከረሜላ እሰጥሃለሁ፣ ተስማምተናል?» ብለው እሺ ያሰኙት። ይህ ከተረሳ ልጁ በእውነት ተበድሏል፤ ትምህርቱም ይገለበጣል። ሁለተኛው በ3ኛው፣ ሦስተኛው በ6ኛው፣ አራተኛው በ9ኛው፣ አምስተኛው በ11ኛው ደቂቃ ይግባ። ሲያልቅ ከመጨረሻው ጀምረው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይስጡ። ለመጀመሪያው ሥራ ቶሎ የሚያለቅስ ወይም ዓይን አፋር ልጅ አይምረጡ። ልጁ ቢቆጣ፣ አዝነው ሁለተኛ ከረሜላ አይጨምሩለት፤ «ምን ተሰማህ? ስንት ነበር የተስማማነው?» ብለው ይጠይቁት፣ ታሪኩንም ከዚያ ይንገሯቸው። መጨረሻ ላይ ተቀምጠው ላዩትም አንድ አንድ ይድረስ። ሁሉም በ30 ደቂቃ ያልቃል።

ለሌሎች ምሳሌዎች መቆሚያው

በደጉ ሳምራዊ (ሉቃ. 10) ካህኑና ሌዋዊው ካለፉ በኋላ፣ ቁጥር 32 ላይ ቆመው «ሦስተኛው ማን ይሆን?» ይበሉ። የያኔው ሰሚ ከካህንና ከሌዋዊ ቀጥሎ ተራ እስራኤላዊ ይጠብቅ ነበር። በጠፋው ልጅ (ሉቃ. 15) ታላቅየው ከደጅ ሲቀር፣ ቁጥር 28 ላይ ያቁሙ፤ ይግባ አይግባ ወንጌሉ ስለማይናገር እርስዎም አይጨርሱት። ምሕረት በማያውቀው ባሪያ (ማቴ. 18) ከቁጥር 30 በኋላ ሒሳቡ ይሠራ፦ አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው፤ የባሪያው ዕዳ እልፍ (10,000) መክሊት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ማለት ነው፣ የባልንጀራው ዕዳ 100 ቀን። ዐቢይ ጾምን ተከትላችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር የመክሊቱን ምሳሌ ይዞላችሁ ይመጣል፤ እዚያ መቆሚያው ባለ አንድ መክሊቱ ሰበቡን ተናግሮ የጨረሰበት ነው (ማቴ. 25፥25)።

የዘሪው ምሳሌ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። የሚከራከሩ ወገኖች የሉበትም፤ ፍቺውንም ጌታ ራሱ ለደቀ መዛሙርቱ ሰጥቷል (ማር. 4፥13-20)። እርሱን ሲያስተምሩ ምሳሌውንና ፍቺውን አንድ ላይ ያንብቡ፣ ጊዜውንም በአራቱ መሬቶች ላይ ያውሉት።