የልብ ድካም ላለባቸው አረጋውያን፦ ኪኒኑም ቅዳሴውም እንዳይቀር

ጎንደር ውስጥ የልብ ድካም ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ ሽንት የሚያሸናውን ኪኒን በሰንበትና በበዓል ቀን በትክክል መውሰዳቸውን በትሕትና ጠይቋቸው። አንዳንዶቹ ቅዳሴ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ሲሉ ለማንም ሳይናገሩ ይዘሉታል፤ ከዚያም እግራቸው ያብጣል፣ ሌሊት ጋደም ሲሉም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ፉሮሴማይድ የተባለው ኪኒን ከተወሰደ በኋላ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መሥራት ጀምሮ ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ስለሚቆይ፣ ሐኪማቸውን አማክሮ በእነዚያ ቀናት መውሰጃውን ከቅዳሴ መልስ ማድረግ ይቻል ይሆናል።

ቤት ይዋሉ ማለት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ማኅበሩና ሰንበቴው የቀረባቸው አረጋዊ ሆድ ይብሳቸዋል፣ መድኃኒቱንም ወደ መሰልቸት ይሄዳሉ። ይልቅ ዳገቱን በባጃጅ አድርሷቸው፤ መቋሚያ ቢይዙም መቀመጫ አዘጋጁላቸው።

ጠበል ሲጠጡም፣ ሐኪሙ የፈሳሽ መጠን ወስኖላቸው ከሆነ፣ ከዕለቱ ውኃ ጋር አብሮ ይቆጠር፤ በባዶ ሆድ ብዙ ጣሳ መጠጣት ለደከመ ልብ ሸክም ነው። (የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከልጅ ይልቅ ይሰማሉ።)

በየማለዳው ሽንት ከወጡ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። ክብደታቸው በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።