የድሮ ወታደራዊ ብስክሌት ቀለም ከመፋቅዎ በፊት

የስዊዝ ጦር ከ1905 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የተጠቀመበትን ባለ አንድ ማርሽ ጥቁር ብስክሌት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው የብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ዝገቱን መፋቅ ነው። እጅዎን ይሰብስቡ! ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንኑ የተጫጫረ ቀለም ነው፤ አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም።

ይልቅ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ከዚያም እጅግ ረቂቅ የሆነውን፣ አራት ዜሮ የተጻፈበትን የብረት ሱፍ ቀጭን ዘይት አስነክተው ሳይጫኑ ያሹት። በየመሃሉ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ዝገቱ እየለቀቀ ነው፤ ጥቁር መያዝ ከጀመረ ግን ቀለሙን እየበሉት ስለሆነ ወዲያውኑ ያቁሙ። የፍሬሙ ቁጥር በተቀረጸበት ቦታ ላይ የብረት ሱፉንም ይተዉት፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ይበቃል። ሲጨርሱ ስስ ሰም ይቀቡት።

ጎማ ሲገዙ ደግሞ «26 ኢንች» የሚለውን ብቻ አይመኑ። በዚህ ስም የሚሸጡ ጎማዎች የውስጥ ዲያሜትራቸው 559፣ 584 ወይም 590 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። የስዊዙ 584 ነው። እኔ 590ውን ገዝቼ ቸርኬው ላይ ሲንገዋለል አይቻለሁ፤ ገንዘቤም በከንቱ ቀረ። በአሮጌዎቹ ላይ የፊት ፍሬኑ ጎማውን ራሱን ከላይ ተጭኖ ስለሚያቆም፣ ጥርሳም ጎማ አይግጠሙለት።