የታዳሚው ስልክ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ታዳሚው የድረ ገጹን አድራሻ የያዘውን ኮድ (ኪውአር) በካሜራ አንሥቶ ገጹን ይከፍታል፤ ከዚያም ስልኩን እየነካና እየወዘወዘ ከአርቲስቱ ጋር ድምፅ ይፈጥራል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ መከፈቱንና ገጹ በራሳችሁ ስልክ መሥራቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደሚከተሉት እለፉ።

ገጹ ተከፍቶ ድምፅ የለም

ብራውዘር ሰው ገጹን በጣቱ ሳይነካ ድምፅ አያወጣም። «ጀምር» የሚል ትልቅ ቁልፍ አስቀምጡ፤ ድምፁን የሚከፍተውም ያው ንክኪ ይሁን። አይፎን ድምፅ አልባ ላይ ከሆነ ገጹ የሚያመነጨው ድምፅ ይታፈናል። አልፎ አልፎ ደግሞ ድምፁ ቦርሳ ውስጥ ወዳለ የብሉቱዝ ማዳመጫ ሲሄድ ይገኛል።

ስልኩ ሲወዘወዝ ምላሽ የለም

የገጹ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https) ይጀምር። ከአይኦኤስ 13 (የአይፎን ሥርዓት) ወዲህ አይፎን እንቅስቃሴውን ለገጹ ለማሳወቅ የባለቤቱን ፈቃድ ስለሚፈልግ ጥያቄውን ከዚያው «ጀምር» ቁልፍ ጋር አያይዙት።

በልምምድ ሠርቶ በዝግጅቱ ሰዓት መሞት

ደጋግመው የሚጠሩኝ ለዚህ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አምስት ስልኮች ያለ እንከን ይሠራሉ። ሰው ሲሞላ ግን የፊት ረድፎች ድምፅ ሲያሰሙ የኋላዎቹ ነጭ ገጽ ላይ ያፈጣሉ። ወዲያው ጣት የሚቀሰረው ፕሮግራሙ ላይ ነው። እባካችሁ፣ ታዳሚ ተቀምጦ እያለ ፕሮግራም አትነካኩ! የታመመው ኔትወርኩ ነው።

መጀመሪያ ራውተሩ ለእያንዳንዱ ስልክ የሚሰጠው የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) አልቆ እንደሆነ እዩ። የቤት ራውተር ብዙውን ጊዜ ከ253 ለማይበልጡ መሣሪያዎች የሚሆን አድራሻ ይዞ ይመጣል፤ የሰጠውንም እስከ 24 ሰዓት ድረስ ለሌላ ላይሰጥ ይችላል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በቀረበ ዝግጅት ላይ የከሰዓቱ ያለ ችግር አለፈ፣ ማታ ግን ግማሹ ታዳሚ መግባት አቃተው። አድራሻዎቹን ቤታቸው የገቡት የከሰዓቱ ታዳሚዎች ይዘዋቸው ነበር። በራውተሩ ማስተካከያ ላይ የአድራሻዎቹን ብዛት የሚወስነውን ቁጥር (የኔትወርክ ማስኩን) 255.255.252.0 ስታደርጉ 1,022 አድራሻዎች ታገኛላችሁ፤ የአድራሻውንም ቆይታ ወደ አንድ ሰዓት አውርዱት።

አድራሻ መብዛቱ ግን ርካሹን ራውተር ጉልበታም አያደርገውም። ይህን ያህል ስልክ ይይዛል ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ሥርጭቱን ለብዙ የዋይፋይ ማሰራጫዎች አካፍሉና የ5 ጊጋኸርዝን ሞገድ አስቀድሙ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አትውጡ።

ቀጥሎ የማሰራጫውን ቦታ ተመልከቱ። የሰው አካል የዋይፋይን ሞገድ ይውጣል፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተደረገ ሙከራ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። አንድ ቦታ ማሰራጫው ለዓይን አያምርም ተብሎ መድረኩ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁት። መብራት የሚንጠለጠልበት ብረት ላይ ስንሰቅለው የኋላ ረድፎች ወዲያው ገቡ። ከሰው ራስ በላይ ስቀሉት፤ ውበቱን ለድምፁ ተዉት።

በመጨረሻም ስልኩ ራሱ ይሸሻል። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ከሌለው ብዙ ስልኮች ሳይናገሩ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰርቨርም ያጡታል። ለዋይፋዩ ኢንተርኔት ስጡት፤ ካልተቻለ ታዳሚው የአውሮፕላን ሁነታን አብርቶ ዋይፋይን ብቻ እንዲከፍት ንገሩት።

በዝግጅቱ መሐል የድምፅ ፋይል በኔትወርኩ አትላኩ። ድምፆቹ ገጹ ሲከፈት ይውረዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው አጭር ትእዛዝ ብቻ ይሁን።

ታዳሚውን ወደ ገጹ የማስገባቱንም ሥራ በር ላይ ጨርሱት። እ.ኤ.አ. በ2001 አርቲስቱ ጎላን ሌቪንና ባልደረቦቹ በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ በታዳሚው ሞባይል ስልኮች ጥሪ ኮንሰርት ሲያቀርቡ የታዳሚዎቹ ስልክ ቁጥሮች አስቀድመው ተመዝግበው፣ አዲስ የጥሪ ድምፅ ተልኮላቸውና መቀመጫ ተመድቦላቸው ነበር። ዛሬ ግን ኮዱን መድረክ ላይ አሳይተው ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዲገባ የሚጠብቁ አሉ። ያ ደቂቃ ጠንካራ ኔትወርክንም ያንበረክካል።

ስልኮቹ እኩል አይመቱም

እያንዳንዱ ስልክ በራሱ መጠን ይዘገያል። ድምፅም በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከ30 ሜትር ርቀት የሚመጣው ወደ 90 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ስለዚህ ከበሮ መሳይ ምት ለስልኮቹ አትስጡ፤ ምቱ ከዋናው ድምፅ ማጉያ ይውጣ፣ ስልኮቹ ረዘም ያለና የተበተነ ድምፅ ይያዙ።