ጋዝ መያዣው አልይዝ ሲል፣ ሲብስም አልለቅ ሲል

በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ ላይ ቀኝ እጅን የሚያዝለው ጋዙን መክፈት ሳይሆን ከፍቶ መያዝ ነው። የመመለሻው ሞላ እጀታውን ሳያቋርጥ ወደ መዝጊያው ይስባል፤ ጣትና አንጓ ደግሞ ሲታገሉት ይውላሉ። ለዚህ የሚሸጠው ዕቃ፣ ጋዝ መያዣ፣ ብዙ ዓይነት ነው፦ በመዳፍ የሚጫኑት የፕላስቲክ ምላስ፣ ከእጀታው ጎን የሚሸጎጥ የጎማ ቀለበት፣ በመሪው ጫፍ ክብደት ምትክ የሚገባ በመጠምዘዝ የሚጠብቅ መያዣ፣ በአውራ ጣት ተጭነው የሚያስሩትና የሚፈቱት ባለቁልፍ መያዣ፣ ከሁሉም በላይ የተመረጠውን ፍጥነት በራሱ የሚጠብቅ ኤሌክትሮኒክ ክሩዝ ኮንትሮል። ከክሩዝ ኮንትሮሉ በቀር አንዱም ፍጥነት አይጠብቅም። ምላሱን በመዳፋችሁ የምትይዙት እናንተ ናችሁ፣ ሌሎቹ የሚጠብቁት እጀታው የቆመበትን ቦታ ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ይሮጣል። «ዕቃው አይሰራም» ከሚባለው ብዙው የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ወይም ቀድሞውኑ ከታመመ የጋዝ ካቦ (እጀታው የሚስበው የብረት ገመድ) ነው።

ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እጀታውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ልቀቁት፤ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ መሃል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞሮ። በሦስቱም ቦታ ጠቅ ብሎ በራሱ መዘጋት አለበት። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) እያለ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። ድምፁ ከፍ ካለ ካቦው አጥሯል ወይም የሆነ ቦታ ተቆንጥጧል። ይህ ሳይስተካከል ምንም መያዣ አይገጠም።

መያዣው ተፈትቶም ጋዙ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ወይም ጭራሽ አይመለስም

ይህ እየነዳችሁ ቢደርስ ፍሪሲዮኑን ያዙ፣ ቀዩን የሞተር ማጥፊያ ተጫኑ፣ ፍሬን ይዛችሁ ከመንገድ ውጡ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የእጀታውን ሁለት ጫፎች ተመልከቱ። በውስጥ በኩል ከማብሪያ ማጥፊያው ቤት ጋር፣ በውጭ በኩል ከመሪው ጫፍ ክብደት ጋር ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። የእጀታው ጎማ ተቀይሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ክብደቱ ላይ ያንጸባረቀ ጥቁር ክብ ከታየ ጎማው እየተፋተገ ነው፤ ትርፉን በስለት ቁረጡለት።

ክፍተቱ ደህና ከሆነ መያዣውን ራሱን ፈትሹ። እጀታው የሚለብሰው የፕላስቲክ ቱቦ በመሪው ብረት ላይ የሚዞረው በጣም ጠባብ ክፍተት ይዞ ነው። ቱቦውን የሚያቅፍ መያዣ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ፕላስቲኩን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ብሎኑን ሩብ ዙር እያላላችሁ በየጊዜው እጀታውን ሞክሩ። ብሩጎላውን (ባለስድስት ጎን የብሎን መፍቻውን) በአጭር ክንዱ፣ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ ማጥበቅ ይበቃል። በንዝረት ይላላል ብላችሁ ከሰጋችሁ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርጉ፤ ፕላስቲኩን ግን አይንካው፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል።

አሁንም ከከበደ የማብሪያውን ቤት ብሎኖች ፈታችሁ ቱቦውን አውጡና የውስጡንም የመሪውንም ብረት በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። ግራሶ አትቀቡት። ለሳምንት ያህል ልስልስ ይላል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። ካቦውን ከቱቦው አላቃችሁ በእጅ ስትስቡት ቢጎረብጥ ግን ዘይት አያድነውም፤ ቀይሩት። ብዙ ሞተሮች ሁለት ካቦ አላቸው፣ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። መልሳችሁ ስታስሩ የእጀታውን ባዶ ጨዋታ (ካቦው ሳይወጠር በባዶ የሚዞረውን) ከጠርዙ ላይ ለኩ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው፣ የእናንተን ልክ የሞተሩ መመሪያ ይነግራችኋል።

አልይዝም ይላል፣ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል

ማጥበቅ ከመጀመራችሁ በፊት በርግጥ እየተንሸራተተ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ከእጀታው ጎማ ላይ፣ ከቱቦው ጠርዝ ላይና ከማብሪያው ቤት ላይ አያይዛችሁ ለጥፉ፤ ከዚያ በመጋጠሚያዎቹ ላይ በስለት ቁረጡት። አሁን ሦስት ምልክት አላችሁ። መንገድ ላይ መያዣውን አስራችሁ ቆይታችሁ ስትመለከቱ ሦስቱ ምልክቶች መጀመሪያ ባሰራችሁበት ቦታ ካሉ፣ ዕቃው ሥራውን ሠርቷል፤ ፍጥነቱን የቀነሰው ዳገቱ ወይም የፊት ነፋሱ ነው።

ጎማውና ቱቦው አብረው ወደ መዝጊያው ከተመለሱ መያዣው ተንሸራቷል። የሚፋተገውን ገጽ በአልኮል አጽዱ፤ የሰንሰለት ዘይት ከጓንት ላይ እዚያ ይደርሳል። ካልሆነ ትንሽ አጥብቁ። ቱቦው ሄዶ ጎማው ከቀረ ደግሞ የላላው ጎማው ነው፣ በእጀታ ማጣበቂያ እንደገና ይለጠፍ። ምልክቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ያለዚያ መያዣውን እያጠበቃችሁ ቱቦውን ትሰብራላችሁ።

የማጥበቁ ወሰን አንድ ነው፦ መያዣው ታስሮ እያለ፣ መፍቻውን ሳትነኩ፣ ጋዙን በእጅ ብቻ መዝጋት መቻል አለባችሁ። ይህን ቆማችሁ ሞተሩ ጠፍቶ ሞክሩት፣ በወፍራም ጓንትም ድገሙት። ይህን ፈተና የማያልፍ ዕቃ ቢወደድም ቢረክስም አይገጠም። በጎማ ማሰሪያና በፕላስተር እጀታውን ማሰርም ከዚሁ ይቆጠራል።

ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ይጮሃል

በባለምላሱ ላይ የሚታይ ነው። ጣቶች ወደ ፍሬኑ ሲዘረጉ የመዳፉ ግርጌ ምላሱን ይጫነዋል። ምላሱን ወደ እጀታው ውጭኛ ጫፍ ግፉት፤ ጋዙ ተዘግቶ ሳለ ምላሱ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ በጉዞ ፍጥነት ላይ ደግሞ ከመዳፉ ሥር ተኝቶ እንዲገኝ አዙሩት። ከዚያ በላይ ቀና ካለ ቆማችሁም ጋዝ ይሰጣል። እርጥበት ሲነካው የሚዞር ከሆነ አንድ ዙር የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ከሥሩ አልብሱት። ከተማ ስትገቡ አዙራችሁ ከመዳፍ አርቁት።

በሌሎቹ መያዣዎች ደግሞ ፍሬን መያዝ ጋዙን አይፈታውም። ጋዙ እንደታሰረ ፍሪሲዮን ከያዛችሁ ሞተሩ ያለ ጭነት ይጮሃል። በትራፊክ መሃል፣ በዝናብና በኮረት ላይ መጠቀም የማይገባው ለዚህ ነው።

መያዣ ተገጥሞም እጅ ይደነዝዛል

ግራ እጅም የሚደነዝዝ ከሆነ ጥፋቱ የጋዝ አይደለም። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ክብደታችሁ በመዳፉ ውጭኛ ግርጌ ላይ አርፏል፤ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆኑ አንጓው ታጥፏል፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን አንግል ዝቅ አድርጉ። ንዝረቱ የጀመረው የመሪ ጫፍ መያዣ ከገባ ወዲህ ከሆነ አሮጌውንና አዲሱን ክብደት በሚዛን አወዳድሩ። ቀላል ክብደት ንዝረት ያሳልፋል።

የገዛሁት አልገባ አለ

የመሪው ውፍረት ብዙ ጊዜ 22 ሚሊሜትር ነው፣ በአንዳንድ ትልልቅ ሞተሮች ላይ 25.4። የእጅ መከላከያ በመሪው ጫፍ የታሰረበት ሞተር የጫፍ መያዣ አይቀበልም፤ የማብሪያውን ጎን የሚያቅፈውን ፈልጉ። የሚሞቅ እጀታ ካላችሁ ሽቦው ከቱቦው ጋር እየዞረ ስለሚሄድ መያዣው እንዳይቆነጥጠው ሙሉ ዙሩን ፈትሹ።

ክሩዝ ኮንትሮሉ አልያዝ ይላል ወይም በራሱ ይጠፋል

ከኋላ ቆማችሁ የፍሬን መብራቱን እዩ። ፍሬን ሳይነካ ከበራ ወይም ብልጭ ካለ፣ ሲስተሙ ፍሬን የተያዘ ይመስለዋል፤ የፍሬን ማብሪያውን አጽዱ ወይም ቀይሩ። ቀጥሎ የፍሪሲዮን ማብሪያው፣ ከዚያ የጎማ ፍጥነት ሴንሰሩ ይታያል። ጋዛቸው በካቦ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ብዙ ሞተሮች ላይ እጀታውን ከመዝጊያው አልፎ ወደ ፊት መግፋት ክሩዙን ያጠፋዋል። እዚያ ላይ ተጨማሪ መያዣ ከተገጠመ ይህን እንቅስቃሴ ሊያግደው ስለሚችል፣ ፋብሪካው ክሩዝ ከሰጣችሁ መያዣውን አውልቁት።