ኮምፓይለሩን ለደንበኛ አትስጡ

ጅማ ላይ ለቡና ነጋዴ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። «የጀንፈሉን የእርጥበት ቅናሽ እኛው እንድንቀይረው አድርግልን።» ተገቢ ጥያቄ ነው። የእሸት ሂሳብ ከጀንፈል ይለያል፣ ዋጋውም ይለዋወጣል። በየለውጡ ባለሙያ መጥራት የለባቸውም። ስለዚህ ተጠቃሚው ቀመሩን በስክሪፕት፣ ማለትም ፕሮግራሙ አንብቦ በሚፈጽመው አጭር ትእዛዝ፣ የሚጽፍበት ቦታ ይሠራለታል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ኮምፓይለሩን፣ ማለትም የተጻፈን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን መሣሪያ፣ አብሮ መስጠት ነው። አንድ ቢሮ «ፕሮግራሙ እምቢ አለን» ብለው ጠሩኝ። ፎልደሩን ስከፍት ዴልፊ የተባለው የሚሸጥ የፕሮግራም መሥሪያ ኮምፓይለር ከነላይብረሪዎቹ ተቀምጧል። ተጠቃሚው የጻፈውን ቀመር እዚያው ኮምፓይል ያደርጋል። የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ኮዱም ንጹህ ነው። ግን ዴልፊን መግዛት ኮምፓይለሩን ለሌላ የማደል መብት አይሰጥም። የምትሰጡት የሠራችሁትን ፕሮግራም እና በዴልፊ የፈቃድ ውል ማከፋፈል የተፈቀዱትን ፋይሎች ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ከነሱ ውስጥ የለም። «ጅማ ድረስ መጥቶ ማን ያያል?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እባካችሁ! ደንበኛው አምኗችሁ ነው የከፈለው። ያልገዛውን ነገር ሳያውቅ ኮምፒውተሩ ላይ ጭናችሁበታል። ነገ ውሉን የሚያነብ ገዢ ሲመጣ ደግሞ ያን ሁሉ ሥራ ከዜሮ ልትጀምሩት ነው።

በኮምፓይለሩ ፈንታ ሉዋ የተባለ፣ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚከተት ትንሽ የስክሪፕት ቋንቋ አለላችሁ። ፈቃዱ ኤም አይ ቲ የሚባለው ልል ፈቃድ ነው። የቅጂ መብት ጽሑፉን አብራችሁ ካስቀመጣችሁ በሚሸጥ ፕሮግራም ውስጥ መክተት ይቻላል። ቀመሩ ማባዛትና መቀነስ ብቻ ከሆነ ሉዋም አያስፈልግም፤ ቀመር የሚያሰላ ትንሽ ኮድ ራሳችሁ ጻፉ።

የዴልፊ ኮሙኒቲ እትም በነጻ ይገኛል፤ የሚጠቀምበት ሰው ወይም ድርጅት የገቢ ጣሪያ ግን በዓመት 5,000 ዶላር ነው። ለድርጅት የሚታየው ጠቅላላ ገቢው እንጂ ከሶፍትዌር ያገኘው ብቻ አይደለም። ቡና ላኪ ቤት ተቀጥራችሁ ከሆነ አንድ መኪና ቡና ብቻውን ጣሪያውን ያልፈዋል።

የስክሪፕት መጻፊያውን ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ የፕሮግራም መሥሪያ አታሳድጉት። ብዙ የሚሸጡ መሣሪያዎች ተፎካካሪያቸው የሚሆን ምርት እንዳይሠራባቸው በውል ይከለክላሉ።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነጻ ቢሆንም በላዩ የምትጨምሩት ሁሉ እንደሱ አይደለም። የፕሮግራሙን መስኮትና ቁልፎች የምትሠሩበት ፓይኪዩት ወይ በጂፒኤል (ስታከፋፍሉ ኮዳችሁን ክፍት እንድታደርጉ በሚያስገድደው ፈቃድ) ወይ በሚገዛ ፈቃድ ነው። ኮዳችሁን ዘግታችሁ ልትሸጡ ከሆነ ግዙት።

ለሲቪል መሐንዲሶች ስክሪፕት የምትጽፉም ተጠንቀቁ። ኤልቲ 2024 ከተባለው እትም በፊት ያሉት የኦቶካድ ኤልቲ እትሞች (ኦቶካድ የንድፍ መሳያ ፕሮግራም ነው፣ ኤልቲ ርካሹ) ኦቶሊስፕ የተባለውን የስክሪፕት ቋንቋ አያስኬዱም። ብልሽት አይደለም፣ ርካሹ እትም እንዲያ ተደርጎ ነው የተሸጠው። ደንበኛው የትኛውን እንደጫነ ሳታዩ በዋጋ አትስማሙ።